ኩላንቱ በረዶ ሆነ

«እንዳትከፍቺው!»

እጄ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ነበር። ጨርቅ ጠቅልዬ ልጠመዝዘው ስል ከኋላዬ መኪናውን ያቆመ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ሹፌር ጮኸብኝ። ዴራን አልፌ ወደ ኢተያ የሚወጣውን ዳገት ጀምሬያለሁ። የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነክቷል። ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። እናቴ አሰላ ላይ ምሳ አቅርባ ትጠብቀኛለች።

«ፊትሽን ይልጥሻል እህቴ። ቁጭ በይ፣ ይቀዝቅዝ» አለኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የስንዴ ማሳ አየሁ። ሰውየው ስሙን ሳይነግረኝ ሄደ። ባለውለታዬ ነው።

ይሄ ጽሑፍ የኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግምገማ ነው። አዎ፣ የኩላንት። ስለ ክትፎ ቤት ብጽፍ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰሞኑን ብሬን የበላው ክትፎ ቤት አይደለም።

መኪናዬ የ1988 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። 2ኢ ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር። አባቴ ገዛት፣ ነዳት፣ ሲመረው ሰደባት፣ በመጨረሻ ለእኔ ተዋት። የምኖረው አዳማ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አሰላ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከዴራ በኋላ ያለው ሽቅብ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ አሰላ ከ2,400 በላይ ናት። አሮጌ ሞተር ያመመውን የሚናገረው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ዳገቱ ላይ ከቆምኩበት ቅዳሜ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አዳማ ውስጥ አንድ ቦታ ሰርቪስ አስደርጌ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። ዘይት ቀየሩ፣ ካንዴላ ቀየሩ፣ «ኩላንትም ቀይረንልሻል» አሉኝ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ደማቅ አረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያው ኩላንት ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ጨምረው ሸጡልኝ። «ከኋላ አስቀምጪው፣ ሲጎድል ትጨምሪበታለሽ።» ጎደለ። ጨመርኩ። እንደገና ጎደለ። እንደገና ጨመርኩ። በየሳምንቱ የሚጎድል ነገር የሆነ ቦታ እየሄደ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። የቢሮ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እጠይቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጀሪካኑ ጨመርኩበት። የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። መስኮቶቹን ሁሉ አወረድኩ። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ አሰላ ገባሁ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ስለሚቀንስ በጭንቅ ጊዜ ያግዛል። ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ እናቴ አየችኝና «አባትሽ ውሃ ብቻ ነበር የሚያጠጣት፤ እሷም አትነጫነጭም ነበር» አለችኝ። በኋላ እንዳየሁት ትነጫነጭ ነበር። ውስጥ ለውስጥ።

እሑድ ማታ አዳማ ስመለስ ጀሪካኑን አገላብጬ አነበብኩት። የበረዶ ተራራ ሥዕል አለበት። «እስከ -37 ዲግሪ አይረጋም» ይላል። ሌላ የረባ ነገር የለውም፤ ከምን እንደተሠራ እንኳ አልተጻፈም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የተጻፈ ቁጥር ካየሁ ሳላጣራ አላልፍም። የቤቴ ፍሪዘር -18 ይደርሳል። -37ን የሚችል ፈሳሽ በ-18 ምንም መሆን የለበትም።

ሥሩ ላይ የቀረውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቀዳሁ። እስከ አፉ አልሞላሁትም። ክዳኑን በፕላስተር አሸግኩ፣ በማርከር «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበት፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከሥጋው አርቄ አስገባሁት። ጥንቃቄውን የማወራው ለማካበድ አይደለም። የእውነተኛ ኩላንት ዋና ንጥረ ነገር ኤቲሊን ግላይኮል ይባላል። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ኩላሊት ግን ይገድላል። ልጅም ውሻም በጣፋጭነቱ ይታለላል።

ጠዋት ሳወጣው ድንጋይ ሆኗል። አረንጓዴ ጀላቲ። ጠረጴዛው ላይ ሳንኳኳው ኳ ኳ ይላል።

ባለ ቀለም ውሃ ነበር የገዛሁት። ጠብታ ግላይኮል ይኖረው ይሆናል። ግን ሲሶው እንኳ ግላይኮል ቢሆን ኖሮ በዚያ ቅዝቃዜ ቢበዛ እንደ ረጠበ በረዶ ይላላ ነበር እንጂ እንዲህ ድርቅ አይልም።

እዚህ ላይ «አዳማ ምን በረዶ አለ? ኩላንት ለብርድ አገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ መፍላትና ዝገት ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ አዳማ ላይ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አሰላ ላይ 92 አካባቢ። ሞተር ደግሞ በጤናው ቀን እንኳ 90 ገደማ ነው የሚሠራው። ልዩነቷ ጠባብ ናት። የሚያድኑን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ያ ልከፍተው የነበረው ክዳን ነው። «0.9» ተጽፎበታል። ያን ያህል ግፊት አምቆ ስለሚይዝ አዳማ ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ግላይኮሉ ነው። ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ከ120 ያሻግረዋል።

ዝገቱ ደግሞ ሌላ ነው። የ2ኢ ብሎክ፣ ማለትም የሞተሩ ገላ፣ ብረት ነው፤ ከላዩ የሚደፋው ቴስታታ አሉሚኒየም። የእኔ ራዲያተር የመዳብ ነው፣ በእርሳስ የተበየደ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አንዱ አንዱን ይበላዋል። በኩላንቱ ውስጥ ያሉት ዝገት መከላከያዎች ይሄን ነው የሚያቆሙት። እነሱ እየሠሩ ያልቃሉ። ኩላንት ሳይጎድልም የሚቀየረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ባለሱቁ መጀመሪያ ያለኝ «ሹፌሩ የታለ?» ነው። «እኔ ነኝ» ስለው አልደነገጠም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ቀጥሎ ግን «ሞተሩ ምንድነው?» አለኝ። ይሄን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሻጭ ነው። ከእሱ በፊት የገባሁባቸው ሁለት ሱቆች የጠየቁኝ «ቀይ ነው አረንጓዴ?» ብለው ነበር።

ቀለም እኮ ማቅለሚያ ነው። ሲያፈስ እንዲታይ፣ ከውሃ እንዲለይ የሚጨመር። ይሄ ቀለም ለዚህ ኬሚካል ነው የሚል ሁሉም የሚገዛለት ሕግ የለም። የድሮው አረንጓዴ ዝገት መከላከያው በብዛት ሲሊኬት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያመጣው ብርቱካናማ በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራ ነው። የቶዮታው ቀይ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ሲሊኬት የለውም፣ ኦርጋኒክ አሲድና ፎስፌት ነው የሚጠቀመው። ሁለት ቀያይ ኩላንቶች አንድ ቀለም ኖሯቸው ሆዳቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። አረንጓዴውን ከብርቱካናማው ብትቀላቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው የሚፈነዳ ነገር የለም። ዝገት መከላከሉ ነው የሚዳከመው። ሲብስ እንደ ቅባት የሚዝለገለግ ነገር ሠርቶ ራዲያተር ይደፍናል።

ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አረንጓዴ ነው። አየት አድርጌ አለፍኩት፤ ከፍሪዘሩ በኋላ አረንጓዴ አስጠልቶኛል፣ ጥፋቱ የቀለሙ ባይሆንም። ሁለተኛው የቶዮታ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ነው፣ ሮዝ። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ የታሸገ፣ ቀጥታ የሚጨመር። ሦስተኛው የቶዮታ ሎንግ ላይፍ ነው፣ ቀይ። ያልተቀላቀለ፣ ወፍራም። ሮዙ የአዲሶቹ መኪኖች ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቀዩ 2 ዓመት ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሮዙ ረጅም ዕድሜ እያለው ቀዩን የገዛሁት የአባቴ መካኒክ በስልክ «ያልተቀላቀለውን አምጪ፣ ሌላ እንዳትይዢ» ስላሉኝ ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ፤ እነግራችኋለሁ።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው ነገ ሌላ ነው። የጀላቲውን ሦስት እጥፍ ከፈልኩ። ግን ያልተቀላቀለ ስለሆነ አንዱ ሊትር በውሃ ሁለት ይወጣዋል። እንደዚያ ስታሰሉት ያን ያህል አያስደነግጥም።

የማታውቁት ጀሪካን ከቀረበላችሁ ቀለሙን ትታችሁ ጽሑፉን ፈልጉ። መሠረቱ ኤቲሊን ግላይኮል መሆኑን ይናገር። የሚቀላቀል ይሁን የተቀላቀለ ይግለጽ። የአሜሪካኖቹን «ኤኤስቲኤም ዲ 3306» ወይም የጃፓኖቹን «ጄአይኤስ ኬ 2234» የሚል ካለበት ቢያንስ የሆነ መለኪያ አለው ማለት ነው። በእርግጥ ውሸታም ይሄንንም ሊያትም ይችላል። ለዚያ ነው ፍሪዘር ያለው።

የአባቴ መካኒክ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ግቢያቸው መብራት ኃይል አካባቢ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ አይወዱም። መኪናዋን ሲያዩ እንደ ዘመድ ልጅ ነው የሚያይዋት። የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱና ዝም አሉ። ከዚያ «ቴርሞስታትሽን ማን በላው?» አሉኝ።

ቤቱ ባዶ ነው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ ዘግቶ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሰርቪስ ያደረጉልኝ ሰዎች አውጥተው ጥለውታል። ይሄ አገር ያወቀው ልማድ ነው። «ሞተር የሚያግለው እሱ ነው፣ አውጥተህ ጣለው» ይባላል። የተበላሸ ቴርሞስታት ያግላል፣ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን መቀየር ነው። ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ በቀዝቃዛው ሲሠራ ቶሎ ያልቃል። ጋሼ እንደሚሉት ዳገት ላይም አያድንም፤ ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ሳይቆይ እየተሯሯጠ ነው። በዚህኛው መካኒኮች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ እኔ ውስጡ አልገባም።

የታችኛውን የውሃ ቱቦ (ማኒኮት) የሚያጠብቀው ፋሼታ ላልቷል። በየሳምንቱ የሚጎድለው እዚያ ጋ ነበር የሚሄደው፤ ጠብታው ትኩስ ብረት ላይ እየደረቀ መሬት ላይ ምልክት አይተውም። የክዳኑ ጎማም ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ሐቁን ልናገር። ዳገቱ ላይ ያስቆመኝ አረንጓዴው ብቻውን አይደለም። ክዳኑ ግፊት አልያዘም፣ ፋሼታው አፈሰሰ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ሦስቱ ተባበሩብኝ። ጥሩ ኩላንት ገዝታችሁ በተሰነጠቀ ክዳን ብትዘጉት ገንዘባችሁን ደፋችሁት።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋሼ ከታች ከፍተው አፈሰሱት። መጀመሪያ ትንሽ አረንጓዴ መጣ። ከዚያ የመጣው ጉሽ ጠላ ነው የሚመስለው። ቡናማ፣ ድፍርስ፣ ከሥሩ ዝቃጭ ያለው። የአባቴ ዘመን ውሃ። አባቴን አልወቅስም፤ በእጁ ያለውን ነው የሰጣት። ግን የቧንቧ ውሃ በየዓመቱ ምን እንደሚያስቀምጥ ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ሥር ማየት ይበቃኛል። ያ ነጭ ቅርፊት ሞተር ውስጥም ይጋገራል፣ ሙቀት አያሳልፍም።

ረዳታቸው፣ ገና ልጅ ነው፣ ጣቱን አረንጓዴው ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። «አይጣፍጥም፣ ውሃ ነው» አለ። ልክ ነበር። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መርዝ ቀምሶ ነበር። ጋሼ በፋሼታው ጫፍ ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም።

በጎማ ቱቦ አጠቡት፤ ጥርት እስኪል ብዙ ቆየ። ማጠቢያ ኬሚካል ባለሱቁ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ጋሼ «በዚህ ዕድሜዋ ዝገቱ ነው ቀዳዳውን የደፈነላት፣ እሱን አትነካኪ» ብለው ሳቁ። ግማሹ ቀልድ ነው መሰለኝ።

የቀዩ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ራዲያተሩን ስታፈስሱ ብሎኩ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ አይወጣም። ለዚያ ከብሎኩ ጎን ያለች ቡሎን መፈታት አለባት። የእኔዋ ዝጋ ተጣብቃለች። ጋሼ ቁልፍ አስገብተው ሞከሩና ተዉት፤ ብትሰበር ሌላ ጣጣ ነው። የወጣውን ስንለካው 3 ሊትር አካባቢ ነው። ጠቅላላ የምትይዘው 5 ገደማ ነው። ስለዚህ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ ቀርቷል። የተቀላቀለውን ሮዝ 3 ሊትር ብጨምርበት ውስጡ ያለው ግላይኮል አንድ ሊትር ተኩል ነው። ከ5 ሊትር ውስጥ አንድ ተኩል 30 በመቶ ነው። ጀሪካኑ ላይ 50 የተጻፈው ሆድ ውስጥ ሲገባ 30 ይሆናል። ይሄ ሒሳብ የገባኝ ጊዜ ጋሼን ቢሮ ልቅጠራቸው ብዬ አሰብኩ።

እንዲህ አደረጉት። የመጨረሻውን እጥበት በዲስትልድ፣ ማለትም ተንኖ በተጣራ ውሃ አጠቡት፣ ውስጥ የሚቀረው ንጹህ እንዲሆን። ከዚያ 2 ሊትር ተኩል ቀዩን ሳይቀላቅሉ ጨመሩ። የቀረውን በዲስትልድ ውሃ ሞሉት። ግማሽ በግማሽ ሆነ። የቶዮታው ኩላንት ፎስፌት ስላለው የቧንቧ ውሃ አይስማማውም፤ ከውሃው ካልሲየም ጋር ተያይዞ ራሱ ቅርፊት ይሠራል። ዲስትልድ ውሃ ባትሪ የሚሸጡበት ሱቅ ይገኛል። አደራ፣ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ጠርሙሱም ይመሳሰላል። አንብባችሁ ውሰዱ። ደግሞ «ከበዛ ይሻላል» ብላችሁ ቀዩን ብቻ እንዳትሞሉ። ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል። የቶዮታ መመሪያም ከ70 በመቶ አታሳልፉ ይላል።

አዲሱን ቴርሞስታት ከማስገባታቸው በፊት ሞከሩት። የግቢው ቡና ተጥዶ ነበር። ከጎኑ ድስት ከሰሉ ላይ ጣዱ፣ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠለጠሉበት፣ ቴርሞሜትር ከተቱበት። 82 ተጽፎበታል። 80 ሲያልፍ ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። ቡናውም ያኔ ነው የደረሰ።

አየሩን ማስወጣት ረጅም ነው፣ አሰልቺም ነው። የፊት ጎማዋን ከፍ ወዳለ ቦታ አወጡ፣ ክዳኑን ክፍት ትተው ማሞቂያውን ከፍተው ሞተሩን አስነሱ፣ የላይኛውን ማኒኮት እየጨመቁ አረፋውን አስወጡ። ማራገቢያው (ቬንቶላው) ራሱ እስኪነሳ ጠበቅን። የፈሰሰውን በሳፋ ሰብስበው በተዘጋ ጀሪካን ከተቱት፤ ውሻቸው ዙሪያውን እያነፈነፈች ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆኗል። አሰላ ስምንት ጊዜ ደርሼ መጥቻለሁ። ጌጁ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ኢተያ ዳገት ላይ ፀጉር ያህል ከፍ ይላል፣ ሜዳ ሲደርስ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት መጠባበቂያ ዕቃው ውስጥ አንድ ጣት ጎደለ፣ የቀረ አየር ነው። ሞላሁት። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። ቀዩም ፍሪዘር ገብቷል፣ ማምለጥ የለም። ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ትንሽ ወፈር አለ እንጂ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሳትቀላቅሉ እንዳትሞክሩት ግን፤ ንጹህ ግላይኮል -13 አካባቢ ስለሚረጋ ጥሩውን ዕቃ በከንቱ ትጠረጥሩታላችሁ። ፍሪዘር ዝገት መከላከያውን አይለካም፣ ይሄንንም እወቁት።

ቀዩን እንደገና እገዛዋለሁ። የማልወደው ዕድሜው ማጠሩን ነው፤ በ2 ዓመት ያንን ሁሉ ማጠብ መድገም አለ። ማሸጊያው ላይ አማርኛ የሚባል ነገር የለም።

ሱቋን በተመለከተ፣ ባለሱቁ ዕቃ ያውቃል፣ የማያውቀውን አይሸጥም፣ ክዳኑንም ቴርሞስታቱንም ከዚያው አገኘሁ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ግን «ለኩላንት ደረሰኝ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለሙያዬ ስድብ ነው። ሳልወጣ ቆሜ አስቆረጥኩት፤ መጽሐፉን ከሳጥን ሥር ለማውጣት አሥር ደቂቃ ፈጀበት፣ በሩ ላይ አራት ሰው ተሰልፎ። ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ነው፣ እሑድ ዝግ ነው። የሞተራችሁን ዓይነት በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ሴት ከሆናችሁ «ሹፌሩ የታለ?» ለሚለውም መልሳችሁን ይዛችሁ ግቡ።